የባሻ እስትንፋስ

አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ሽቅብ በሚወጣው አስፋልት ዳር፣ ከሳምራ ሸቀጥ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል ቤት አለ። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ጥረዛ» ይላል። የቤቱ ጌታ እንደሻው ዕዝራ ነው፤ ግን በዚያ ሰፈር በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም «መዝገቡ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ጎረቤቱ ሳምራ ናት። አንድ ቀን ስኳር እየመዘነች አንድ ነገር ብትጠይቀው፣ መልሱን ከነታሪኩ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ አወረደላት። «ወላሂ አንተስ ሰው አይደለህም፣ መዝገብ ነህ!» አለችው። በዚያው ቀረ።

እንደሻው ስሙን አልጠላውም፤ እንዲያውም ይወደው ነበር። አምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ክረምት ከበጋ አንገቱ ላይ ሻርፕ የማይጠፋ፣ ሰው ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ሳይል የማይቀበል ሰው ነው። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ አባቱ ታመሙና አቋርጦ ወደ አሰላ ተመለሰ። ትምህርቱን ቢያቋርጠውም ትምህርቱ እሱን አላቋረጠውም። ስለዚህ ሰው ሲጠይቀው ነፍሱ ትለመልማለች። ከጢቾ የመጣ ገበሬ ስንዴው ላይ ስለወረደው ዋግ ይጠይቀዋል፤ ኪኒን የያዙ እናት «ይቺስ ከምግብ በፊት ናት በኋላ?» ይሉታል፤ ስለ ኳስ የተወራረዱ ጎረምሶች ዳኛ ያደርጉታል። እሱም መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ኮምፒውተሩ ይዞርና የኢንተርኔቱን መዝገበ ዕውቀት ይከፍታል። ያነበበውን በአማርኛ፣ ካስፈለገም በኦሮምኛ፣ ጨው ጣል እያደረገበት ይተርክላቸዋል። ወረፋ የያዘ ሰው እንኳ ጉዳዩን ረስቶ ያዳምጠዋል።

እንጀራው ግን የተማሪ አሳይመንት ነበር። መምህሩ «ስለ እንዲህ ያለው ጉዳይ አምስት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» ይላል፤ ተማሪው ቀጥ ብሎ ወደ መዝገቡ ይመጣል፤ መዝገቡ ከኢንተርኔቱ ገልብጦ፣ የትምህርት ቤቱን ስም በትልቁ የተማሪውን በትንሹ የያዘ ሽፋን አልብሶ፣ ጠርዞ ያስረክባል። በዓመቱ ሌላው ተማሪ ያንኑ ሲታዘዝ የሚቀየረው ሽፋኑ ብቻ ነው። መምህራኑ ይህን አያውቁም አይባልም፤ ከእነሱም ውስጥ የራሱን ጽሑፍ እዚያው የሚያሠራ አለ።

ማንም የማያውቀው ነገር ሌላ ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት አባቱ አረፉ። በአርባቸው ዕለት ድንኳኑ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች የሰፈሩን ጥንት ሲያነሱ፣ ይህን ያቀና እገሌ ነው፣ ያንን የተከለ እገሌ ነው ሲባባሉ፣ የእሱን ዘር የጠራ አንድ ሰው አልነበረም። ሐዘኑ ትኩስ ነውና ነገሩ አንጀቱ ገባ። በሳምንቱ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ መዝገበ ዕውቀቱን ሲያገላብጥ፣ ሁልጊዜ አይቶ የሚያልፋትን «አስተካክል» የምትል ቃል ነካት። ከፈተችለት። ማን ነህ፣ ከየት ነህ ያለው የለም። ስለ ሰፈሩ በሚያወራው አንቀጽ ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የላይኛውን ምንጭ በ1938 ዓ.ም. በራሳቸው ወጪ በድንጋይ ያስገነቡት ግራዝማች ገብረወልድ ናቸው።»

ገብረወልድ አያቱ ናቸው። ግራዝማች ግን አልነበሩም። ምንጩንም የሠራው ሰፈሩ ነው፤ በየተራው ድንጋይ እየተሸከመ። ገብረወልድም ተራቸው ሲደርስ ተሸክመዋል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ደግሞ እንደሻው ከአባቱ አፍ ሰምቶታል። ሲጽፈው «ነገ ያጠፉታል» ብሎ ራሱን አጽናንቶ ነበር። ነገም አላጠፉትም፣ ከነገ ወዲያም አላጠፉትም።

በዓመቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ታሪክ እንዲጽፉ ሲታዘዙ፣ እሱው ራሱ አተመላቸው። መምህሩ ከተማሪዎቹ ወስዶ አስተማረው። ትምህርት ቤቱ ለምሥረታ በዓሉ ባሳተማት መጽሔት ላይ ወጣ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ወጣት የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ አመጣና፣ እንደሻው ገጹን እያስተካከለ ሳለ ዓይኑ «ግራዝማች ገብረወልድ» ላይ ዐረፈ። ግርጌው ላይ መጽሔቷ በማስረጃነት ተጠቅሳለች። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ጥራዙን በገዛ እጁ አጣብቆ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ መዝገበ ዕውቀቱን ለሰው ሲያነብ፣ አፉ እየተረከ ልቡ ሌላ ይጠይቅ ነበር፤ «ይህንንስ የጻፈው የማን የልጅ ልጅ ይሆን?»

እትዬ አባይነሽ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ነው የሚኖሩት። ባላቸው ወልደሰንበት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በተጋቡ በሦስተኛው ወር፣ ወልደሰንበት እህል ጭነው ከሲሬ ቁልቁል ሲወርዱ አንድ ኤሊ መንገዱ መሐል ተገትሮ ያገኛሉ። ጡሩምባ ቢነፉ አይሰማ፣ ረዳቱ ወርዶ ሂድ ቢለው አይሄድ። «ኩራቱን እዩልኝ! ባሻ ነው እንዴ ይሄ?» ብለው ይስቁና ካቢና ውስጥ አስገብተው ለአዲሷ ሙሽራቸው ያመጡላታል። ስሙ ባሻ ሆኖ ቀረ። ወንድ ይሁን ሴት እስከ መጨረሻው ያጣራ የለም።

ወልደሰንበት ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። አንዲት ልጃቸው ኤፍራታም አዲስ አበባ አግብታ ሄዳለች። ግቢው ውስጥ የቀሩት እትዬ አባይነሽና ባሻ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የጎመን ቅጠል ይቀነጥሱለታል፤ እሱ እያኘከ እሳቸው ያወሩታል። የዘይት መወደድ፣ የኤፍራታ ባል ጠባይ፣ የጉልበታቸው ሕመም፣ ሁሉም ለባሻ ይነገራል። ጎረቤት ሲስቅባቸው «ሳቁ! ወልዴን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ እሱ ብቻ ነው የቀረው» ይላሉ።

ባሻ የቆላ ፍጥረት ነው፤ የአሰላ ክረምት አይስማማውም። ድሮ ሰኔ ሲገባ ማዕድ ቤት ይገባና የድንጋዩ ምድጃ ጥግ፣ አመዱ አጠገብ፣ እስከ መስቀል እየተንቀራፈፈ ይከርማል። በዚያ ዓመት ፋሲካ ላይ ግን ኤፍራታ መጥታ «እማዬ፣ ጭሱ ዓይንሽን ጨረሰው» አለችና የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛችላቸው። የድንጋዩ ምድጃ ፈረሰ። ማዕድ ቤቱ በኖራ ተቀባ፤ ጸዳ፣ ነጣ። ቀዘቀዘም። ይቺን የመጨረሻዋን ማንም ልብ አላላትም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሰማዩ ለአንድ ሳምንት ሙሉ ተቀደደ። ጭላሎ በጉም ተከናንቦ የት እንዳለ እንኳ አይታይም። በአንዱ ጠዋት እትዬ አባይነሽ ነጠላቸውን ደርበው፣ ባሻን በሳፋ ይዘው ወደ ሱቁ ገቡ። ሱቁ ውስጥ ሙቀት ሽተው የተጠጉ ሰዎች ነበሩ፤ የማሽኖቹ ትንፋሽ ከምድጃ አያንስም። ሳምራ ከሱቋ ወጥታ መጥታለች፤ የሰፈሩ ዘበኛ ጋሽ ጉደታ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በር አጠገብ ቆመዋል፤ አንድ መምህርም የክረምት ትምህርት የፈተና ወረቀት እያስባዛ ነው።

«እንደሻው ልጄ» አሉ እትዬ አባይነሽ፣ «እስቲ ይህን እይልኝ።»

እንደሻው ብድግ አለ። «ምን ሆነ እትዬ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ክረምት እንደሚደክመው አውቃለሁ፤ ግን ሲነኩት ራሱን ይስባል። ዛሬ እግሩን ብጎትተው ዝም። ሲተነፍስም አላይ። ነገ በሌሊቱ መኪና ደግሞ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ ኤፍራታ ወሯ ገብቷል፤ እስክታርስና እስክትጠና ከጥቅምት በፊት አልመለስም።» ሳፋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሞቶ ከሆነ ዛሬውኑ ልቅበረው፤ የጅብ መጫወቻ አይሁንብኝ። ነፍስ ካለው ግን እዚህ ካንተ ማሽን ሥር ይክረምልኝ። ይሞቀዋል። ከሰው ሁሉ አንተን ነው የማምነው።»

«መዝገቡ፣ ዛሬስ ሐኪም ሆንክ!» አለች ሳምራ። «በል ማዳመጫህን አውጣ።»

ጋሽ ጉደታ ወደ ሳፋው ጎንበስ አሉ። «ቆጫ ነው ይሄ። እኛ ቆጫ እንለዋለን። ቶሎ አይሞትም ቆጫ። ሸቷል እንዴ? አልሸተተም። ሁለት ሦስት ቀን ማየት ነው።»

እንደሻው መነጽሩን አውልቆ መስተዋቱን በባሻ አፍንጫ ፊት ያዘ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። መስተዋቱ ላይ ጉም የለም። ጠበቀ። አሁንም የለም። መነጽሩን አድርጎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፤ የአማርኛው ገጽ ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ እንግሊዝኛውን ከፈተና እየተረጎመ ማንበብ ጀመረ።

«የኤሊ የጎድን አጥንት ከጀርባው የድንጋይ ልብስ ጋር አንድ ሆኖ የተገጠመ ነው ይላል። ስለዚህ እንደ እኛ ደረቱ ሲነፋና ሲሟሽሽ አይታይም። አየር የሚስበውና የሚያስወጣው በሆዱና በእግሮቹ መውጫ አካባቢ ባሉት ጡንቻዎች ነው። ብርድ ሲያገኘው ሰውነቱ ሥራ ይቀንሳል፤ እስትንፋሱም በጣም ይራራቃል። በዚህ ጊዜ ለሚያየው ሰው የሞተ ሊመስል ይችላል።»

የእትዬ አባይነሽ ዓይን በራ። «እና አለ ማለት ነው?»

እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ! እንደሻው ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ለራሱ እንዳለው እሱ ነው የሚያውቀው። ግን ዓይኑ ቀድሞት ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዶ ነበር፤ ያየውን ደግሞ ለሰው ሳያካፍል ማለፍ የማይችል ሰው ነው። ሳቁ አመለጠው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ይህን ስሙልኝ! ‹አንዳንድ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ኤሊዎች ደግሞ በመቀመጫቸው በኩል ይተነፍሳሉ።›»

«አስተግፊሩላህ!» ብላ ሳምራ አፏን ያዘች።

«እንግዲያ መዝገቡ፣» አለ መምህሩ ፊቱን ሳይፈታ፣ «መነጽርህን የያዝክበት ወገን ተሳስቷል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ጉደታ በሩን ተደግፈው ካፖርታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እትዬ አባይነሽም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ፈገግ አሉ። ሳቁ በረድ ሲል ግን ቀስ ብለው ጠየቁ፤

«የላይኛውስ? እሱም ቀልድ ነው?»

ሁሉም እንደሻውን አየው። እሱ ግን በዚያች ቅጽበት ያየው የላይኛውን ምንጭ ነው። ያቺን «አስተካክል» የምትል ቃል። የገዛ ጣቱን።

«እትዬ፣ ይህን የሚጽፈው ማን ይመስልዎታል?» አለ። «ፕሮፌሰር እንዳይመስልዎት። ማንም ነው። ሥራ የፈታ ሰው ቁጭ ብሎ ያሻውን ይጽፋል፤ አይ የሚለው የለም። እኔ አውቀዋለሁ። በመቀመጫው ይተነፍሳል ብሎ የጻፈ ሰው የቀረውንስ እንዴት አድርጌ ልመነው?»

ይህን ሲል ዓይኑ ለአፍታ ወደ ማሽኑ ሥር ሄዷል። እዚያ የወረቀት ካርቶኖቹ አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ጎመን መቀንጠስ፣ ኩስ መጥረግ፣ ሽታው... ሐሳቡ መጥቶ ሄደ። ከዓይን ጥቅሻ የረዘመ አልነበረም። ግን መጥቶ ነበር።

«ባሻ አርፏል፣ እትዬ። ዕድሜው ነው። ወደ ጋሽ ወልደሰንበት ሄደ ይበሉት።»

«እኔ ግን ቀን ብንጠብቅ...» አሉ ጋሽ ጉደታ።

«ነገ እኮ እትዬ ይሄዳሉ። ማን ሊጠብቀው ነው ጋሽ ጉደታ? እርስዎ በጥበቃ ቤትዎ ውስጥ?»

ሳምራ ሳቀች። ጋሽ ጉደታ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ኤዬ፣ የተማራችሁት እናንተ።»

እትዬ አባይነሽ የባሻን ጀርባ ዳበስ አደረጉ። «አንተ ካልክ እሺ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ግቢው ውስጥ በኮሽሙ አጥር ሥር ቀበሩት። ጋሽ ጉደታ እስከ ጉልበት ቆፈሩ። እትዬ አባይነሽ ከባላቸው አሮጌ ጋቢ ቀድደው ጠቀለሉትና፣ «ራሱን ወደ ሲሬ አድርጉልኝ፣ ወደ መጣበት» አሉ፤ እንዳሉት ሆነ። ለቅሶ አላለቀሱም፤ ለኤሊ አለቀሰች እንዳይባሉ ይሆናል። እንደሻው አዘነላቸውና አንድ ነገር ልጨምር አለ። ጅብ እንዳይቆፍረው ብሎ ከፈረሰው ምድጃ ከተከመረው ድንጋይ ሰፊውን ጠፍጣፋ መርጦ፣ ወገቡ እየተንቋቋ ተሸክሞ አመጣና መቃብሩ ላይ አጋደመው። በእግሩም ረገጥ ረገጥ አድርጎ አጠበቀው።

«ይህን ያህል ደከምክልኝ» ብለው እትዬ አባይነሽ ግንባሩን ሳሙት።

ጥቅምት ገባ። ሰማዩ ጠራ፣ ጭላሎ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ገብሱ ቢጫ ሆነ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ጉደታ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። እጃቸው አፈር ነው። ሰው ስለነበረ ምንም አልተናገሩም፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ና አሉት።

እትዬ አባይነሽ ከመመለሳቸው በፊት ክረምቱ የጣለውን አጥር ሊያቃኑላቸው ገብተው ነበር። አዲሱን እንጨት ሊተክሉ ጠፍጣፋውን ድንጋይ በዶማ ፈንቅለው ወደ ጎን ገልብጠውታል። እንደሻው አጎንብሶ አየ።

ባሻ ያስቀመጡት ቦታ አልነበረም። የጋቢው ቁራጭ ከታች፣ ከጉድጓዱ ወለል ላይ፣ ተቀድዶ ቀርቷል። እሱ አፈሩን እየማሰ እስከ ላይ ወጥቶ፣ አፍንጫው ድንጋዩን ይነካ በነበረበት ቦታ ላይ ደርቋል። የፊት እግሮቹ ጥፍሮች አልቀዋል። በተገለበጠው ድንጋይ ሆድ ላይ ጭረት አለ፤ ብዙ ጭረት፣ ሁሉም በአንድ ቦታ።

«ማል ጎና?» አሉ ጋሽ ጉደታ በኦሮምኛ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። «አንናገርም» አሉ ቀጥለው በአማርኛ። «ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ሄዷል። ልጅ ታቅፈው ነው የሚመጡት። ምን ይጠቅማቸዋል?»

እንደሻው ድንጋዩን እያየ ነበር። ከዚያ ከጉድጓዱ ጠርዝ ሆኖ የባሻ ራስ ወደ የት እንደዞረ አስተዋለ። ወደ ሲሬ አልነበረም።

መልሰው ቀበሩት። ድንጋዩን ግን አልመለሱትም።

በዚያ ቀን ሱቁን ከፍቶ ተቀመጠ እንጂ አልሠራም። የኤሊውን ገጽ እንደገና አወጣ። በሐምሌ ያነበበው የገጹን ሩብ እንኳ አይሆንም ነበር። አሁን አንቀጽ በአንቀጽ እስከ ግርጌው ወረደ፤ ከሥር የተደረደሩትን ምንጮች አንድ በአንድ ከፈተ። መምህሩን ለምኖ ከቤተ መጻሕፍት ወፍራም የሥነ እንስሳት መጽሐፍ አስወጣ። ሁሉም አንድ ቃል ነው። ደረቱ እንደማይነፋ፣ በብርድ እስትንፋሱ እንደሚራራቅ፣ የሞተ እንደሚመስል። ያቺ ቤቱን በሳቅ ያናጋችው መስመርም አለች፤ አንዳንዶቹ የውሃ ኤሊዎች በእርግጥ ከውሃው ውስጥ አየር የሚወስዱት በዚያ በኩል ነው። መጽሐፉ ሥዕል ሁሉ ሠርቶላታል። ሰው ያልሳቀበት የእሱ ምንጭ ውሸት፣ ሰው የሳቀበት የኤሊው ነገር እውነት። እንደሻው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው።

ከዚያ የሰፈሩን ገጽ ከፈተና ስለ ግራዝማች ገብረወልድ የጻፈውን መስመር አጠፋ። በማግሥቱ ሲያይ ተመልሶ ገብቷል። ከጎኑ «በማስረጃ የተደገፈ መረጃ ያለ ምክንያት ስለጠፋ ተመልሷል» የሚል አለ፤ ማስረጃው መጽሔቷ ናት። ደግሞ አጠፋው። ደግሞ ተመለሰ። በሦስተኛው «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው፤ አያቴ ድንጋይ ተሸካሚ ነበሩ» ብሎ ጻፈ። ከማያውቀው ሰው ትሕትና የተሞላ መልስ መጣለት፤ «ለዚህ አባባልዎ እባክዎ ምንጭ ይጥቀሱ።»

ሳምራ በግድግዳው በኩል ብቻውን ሲስቅ ሰማችው። «መዝገቡ፣ ምን አገኘህ ዛሬ? ለእኛም አካፍለን እንጂ!» ብላ ጮኸች። «ምንም» አላት። ሳቅ እንዳልነበረ ያወቀችው በኋላ ነው።

እትዬ አባይነሽ በጥቅምት መጨረሻ ተመለሱ። ከግቢያቸው በፊት ወደ ሱቁ ነው የገቡት። ወፍረዋል፤ ፊታቸው በርቷል። ስልካቸው ላይ የሕፃኗን ፎቶ አሳዩት፤ ትልቅ አድርጎ አትሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንዲያደርግላቸው። ከቦርሳቸውም አንድ ሻርፕ አወጡ፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ዳሩ ላይ ቀይ ጥለት ያለው።

«ይቺ ያንተ ናት። ያችኛዋ አርጅታብሃል» አሉ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። ያን ጊዜ ቁርጡን ባትነግረኝ ኖሮ፣ አለ የለም እያልኩ ልቤ እዚህ ቀርቶ ልጄን በወጉ አላርሳትም ነበር። አንተ ነህ በሰላም የላክኸኝ።»

እንደሻው ሻርፑን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። የጋሽ ጉደታ ምክር ትዝ አለው። ምን ይጠቅማቸዋል? ዝም ቢል፣ ነገሩ እንደ ምንጩ እውነት ሆኖ ይቀራል። ማንም ሳያየው የገባ አንድ መስመር፣ በሴትየዋ ልብ ውስጥ ተጠርዞ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለ።

ነገራቸው። ስለ ድንጋዩ ነገራቸው፤ ስለ ጥፍሮቹ ነገራቸው። ያን ዕለት ገጹ እውነቱን ጽፎለት ሳለ ለምን እንዳላመነው፣ የምንጩንም ነገር ሳይደብቅ ነገራቸው። ስለ ማሽኑ ሥር፣ ስለዚያች የዓይን ጥቅሻ ሐሳብም ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን አልወጣ አለችው።

እትዬ አባይነሽ አልጮሁም። የስልኩ መብራት እጃቸው ላይ ጠፋ፤ ሕፃኗ ከመስተዋቱ ላይ ተሰወረች።

«ጋቢውስ?» አሉ።

«ከሥር ቀርቶ ነበር።»

«ራሱ ወዴት ነበር?»

እንደሻው ሻርፑን አጠፈ።

«ወዴት ነበር እንደሻው? ወደ ሲሬ አድርጌው ነበር እኮ።»

«ወደ ማዕድ ቤቱ ነበር፣ እትዬ።»

ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። ከዚያ ተነስተው «ፎቶዋን ጨርስልኝ» አሉ። አተመላቸው፤ ሁለት ጊዜ አበላሸና በሦስተኛው ተሳካ። ተቀበሉት፣ በነጠላቸው ሥር ሸሸጉት። ሻርፑን ሊመልስላቸው ሲል «ላንተ ነው ያልኩት» ብለው ወጡ።

ሻርፑ እስከ ዛሬ ከመደርደሪያው ላይ ነው። አንገቱ ላይ ያለችው ያችው ያረጀችው ናት።

እትዬ አባይነሽ አልተጣሉትም። ይህ ነው አስቸጋሪው። ባዩት ቁጥር «እንደምን አደርክ ልጄ» ይሉታል። ለበዓል ዳቦ ይልኩለታል። መታወቂያም ሆነ ደረሰኝ የሚያስባዙት እዚያው ነው። ጥያቄ ብቻ አይጠይቁትም። አሁን የዘይቱን ዋጋ፣ የጉልበታቸውን ሕመም የሚነግሩት ለማን እንደሆነም አይታወቅም።

ባለፈው ሰሞን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በመስኮቱ አያቸው። የመድኃኒት ካርቶንና ውስጡ የነበረችውን የታጠፈች ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል። እንደሻው እንደ ልማዱ ብድግ አለ፤ መነጽሩን አስተካከለ። ወደ በሩ ተጠጉ፣ አለፉት፣ ወደ ሳምራ ገቡ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አሉ።

«እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ እትዬ!» አለች ሳምራ። «ወላሂ አሳስትዎታለሁ። ቆይ መዝገቡን ልጥራው?»

«ተይው» አሉ። «አንቺ እንዳወቅሽ አንብቢልኝ።»

ሳምራ ፊደሉን እየለቀመች ጀመረች። ስታነብ ትሳሳታለች፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተችም እንደሻው ያውቀዋል፤ ያቺ ኪኒን ከምግብ በኋላ ናት። የኪኒኗን ስም ከሳምራ አፍ ሰምቶ፣ ከመደርደሪያው የመድኃኒት መጽሐፍ አውርዶ አረጋገጠ። ከዚያ ከሳጥኑ አንድ ወረቀት መዘዘ፤ «ከምግብ በኋላ» ብሎ በትልቁ ጻፈ፤ ከሥሩ ያገኘበትን መጽሐፍ ስምና ገጹን ጨመረ። ወደ ሳምራ ሱቅ የሚያደርሰው ሰው እስኪመጣ ወረቀቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።